ፊርማ የሌለው ጋሻ

ባለፈው ዓመት የጥር 23ን የፈረሰኞች በዓል ለማየት እንጅባራ በሄድሁበት ሰሞን አንድ ሽማግሌ «ወረቀት ጻፍልኝ» አሉኝ። ቤታቸው ከከተማው፣ ዕድሜ የጠገቡ ሰዎች ዛሬም ኮሶበር ከሚሏት ከተማ፣ በዘንገና ሐይቅ በኩል ወጣ ብሎ ነው። ያገናኘን የጋራ ወዳጅ ነበር። ቡናው እስኪፈላ ዓይኔ ምሰሶው ላይ ከተሰቀለው ጋሻ አልተነቀለም። ቆዳው ጢስ ጠጥቶ ከሰል መስሏል፤ ከብር ጌጡ የቀረው ሁለት ሦስት ቁራጭ ነው፤ የእጀታው ጠፍር ተበጥሶ በሲባጎ ተተክቷል። የሽማግሌው ቅድመ አያት ይህን ጋሻ ይዘው ዐድዋ ዘምተዋል። በቤቱ የሚነገረው እንዲህ ነው።

ጋሻውን የሚገዛ ተገኝቷል። ከዳንግላ የሚመጣ ወጣት ነጋዴ ነው፤ በየገጠሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ ይሰበስባል። ዋጋውን ሁለት ዓይነት አድርጎ ነግሯቸዋል። እንዲሁ ከሆነ ይህን ያህል፤ «ዐድዋ የዘመተ ጋሻ መሆኑን እናረጋግጣለን» የሚል፣ ሦስት ሽማግሌዎች የፈረሙበት ወረቀት ካለው ግን ሦስት እጥፍ።

«አንተ የጋዜጣ ሰው ነህ» አሉኝ ሽማግሌው። «ቃሉን ታውቅበታለህ።»

«ለምን ይሸጡታል አባባ?» አልኋቸው።

«ለፈረስ ነዋ!»

ፈረሳቸው ሞቶባቸዋል። የልጅ ልጃቸው ደግሞ ጎልምሷል፤ ጉግስ ሊጫወት፣ እንደ አባቶቹ ከፈረሰኞቹ ጋር ሊሰለፍ ይፈልጋል። የደህና ፈረስ ዋጋ ዛሬ እንኳን ገበሬውን ደመወዝተኛውንም ያስደነግጣል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም.፣ ገና ጣልያን ከአገር ሳይወጣ የተመሠረተ ነው። የዐድዋን ድል ይዘክራል፤ ሰውን ብቻ ሳይሆን ከሰው ጋር የዘመተውን ፈረስም ጭምር። ዐድዋ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እንደተዋለ፣ የማኅበሩም ዓመታዊ በዓል በጥር ጊዮርጊስ ይውላል። ዛሬ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። እንግዲህ ሽማግሌው የዐድዋን ጋሻ ሊሸጡ የተነሡት ዐድዋን በፈረስ ላይ የሚያከብር ልጅ እንዳይታጣባቸው ነው። ይህን ሰው «ቅርስ አይሸጥም» ብሎ መገሠጽ ቀላል አይደለም።

ወረቀቱን ያን ዕለት አልጻፍሁትም። «ላስብበት» ብዬ ወደ ማረፊያዬ ተመለስሁ። ሌሊቱን ሳሰላስል ያደርሁት ግን ስለ ጋሻ ሳይሆን ስለ ቦክስ ጓንት ነው። አንባቢ አይሳቅብኝ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የዕውቅ ቦክሰኞች ፊርማ ስላረፈባቸው ዕቃዎች ንግድ አንድ ጽሑፍ ጀምሬ ትቼው ነበር። ሽማግሌው «ወረቀት» ሲሉኝ ያ የተተወ ጽሑፍ ተመልሶ መጣብኝ።

በአሜሪካና በእንግሊዝ ሐራጅ ቤቶች የቦክሰኛ ጓንት፣ ቀበቶ፣ ካባ፣ የመግቢያ ትኬት ሳይቀር ይሸጣል። መሐመድ ዓሊ ገና ካሲየስ ክሌይ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ሶኒ ሊስተንን ረትቶ የዓለም ሻምፒዮን የሆነበት ጓንት በ2014 በ836,500 ዶላር ተሸጧል። በዓመቱ ያንኑ ሊስተንን በመጀመሪያው ዙር የዘረረበት ጓንት ደግሞ በ2015 ዓ.ም. 956,000 ዶላር አወጣ። በ1974 ኪንሻሳ ላይ ፎርማንን አሸንፎ ያስመለሰው የሻምፒዮንነት ቀበቶ በ2022 የተሸጠው ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሁሉም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ዋጋው የቆዳው አይደለም፤ የምስክሩ ነው። ያን ሌሊት ጓንቱን ከቦክሰኛው እጅ ያወለቀው ማን ነው? ከዚያስ ከማን ወደ ማን ተላለፈ? የዓሊ አሠልጣኝ አንጀሎ ዳንዲ ያስቀመጠው ዕቃ ዋጋ ያለው አሠልጣኙ በማዕዘኑ ቆሞ ዓለም ስላየው ነው። ፊርማ ብቻውን ግን የማይታመን ምስክር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. «ኦፕሬሽን ቡልፔን» ባለው ዘመቻ የስፖርተኞችን ፊርማ እያስመሰሉ የሚሸጡ ሰዎችን ሲያድን፣ ከያዘው መካከል የማዘር ቴሬዛ ፊርማ ያለበት የቤዝቦል ኳስ ይገኝበት ነበር! ኳሱም ከነማረጋገጫ ወረቀቱ የሚገዛው አያጣም ነበር። ቢሮው በጊዜው በገበያ ላይ ከነበረው ፊርማ ያለበት ዕቃ ከግማሽ በላዩ ሐሰተኛ ነው ሲል ገምቷል።

ሻጮቹም ሁሉ ስግብግቦች አይደሉም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1963 ወጣቱን ክሌይን በግራ እጁ መትቶ የጣለው ሰው ነው። በ1993 ግን ሎይድስ በተባለው የኢንሹራንስ ገበያ ላይ ያፈሰሰው ገንዘብ ጠፍቶበት፣ በዕድሜው ሙሉ ተደብድቦ ያገኛቸውን ሦስት የሎንስዴል ቀበቶዎች ለሐራጅ አቀረበ። 42,000 ፓውንድ አወጡለት። ዕዳ ሲመጣ ቀበቶም ይፈታል።

ከእነዚህ ጓንቶች ሁሉ እኔ ባየው ደስ የሚለኝ አንድ አለ። ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ውስጥ በያንኪ ስታዲየም ከ60,000 የሚበልጥ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ጥቁሩ ጆ ልዊስ ግዙፉን ጣልያን ፕሪሞ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር አሸነፈው። ሙሶሊኒ በእኛ ላይ ጦሩን የሚያከማችበት ጊዜ ነበርና የአሜሪካ ጥቁሮች ያን ግጥሚያ የኢትዮጵያና የጣልያን አድርገው ነበር ያዩት። ጦርነቱ ሦስት ወር አልፎት ተከተለ። ያ ጓንት ሐራጅ ላይ ቢወጣ፣ ኪሴ ባይፈቅድም፣ እጄን ለማውጣት ይቃጣኝ ነበር።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ወግ ሊመስለን ይችላል። ዳሩ ግን እኛም አገር፣ ያውም በሜዳ ላይ፣ ትልቅ ሐራጅ ተደርጓል። የፋሲካ ማግስት ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ሽጉጣቸውን ጠጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደርና ከሌላውም ስፍራ ያሰባሰቡት መጽሐፍ፣ ዘውድ፣ ጽዋ፣ መስቀል፣ ልብሰ ተክህኖ ተመዘበረ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ። እዚያም ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን ሁለት ቀን ሙሉ ሐራጅ ተባለ። ከገዢዎቹ ዋናው የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሆኖ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ነበር። ከሽያጩ 5,000 ፓውንድ ተገኘና ለወታደሩ ተከፋፈለ፤ ለአንድ ተራ ወታደር የደረሰው አራት ዶላር ገደማ ነው። የአንድ መንግሥት ቤተ መጻሕፍትና ዕቃ ቤት ለሰው አራት አራት ዶላር ሆኖ ተበተነ።

ሆምስ ግን ለሙዚየሙ ያላሳየው አንድ ነገር ነበር። ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው፣ ጌታ የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት ሥዕል፣ የጎንደር ነገሥታት ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት የሚወጡት፣ ሰው የሚምልበት ነበር። ዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ በ1736 ዓ.ም. ስናር ላይ ሲሸነፉ በጠላት እጅ ወድቆ በቤዛ ተመልሷል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሆምስ ከቴዎድሮስ አልጋ ራስጌ አውርዶ ለራሱ አስቀረው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1905 ድረስም ወሬውን ለዓለም አላወጣም። እሱ ከሞተ በኋላ በ1917 ለንደን ውስጥ በክሪስቲስ ሐራጅ ቤት ተሸጠ፤ በ1950 እዚያው ዳግም ለሐራጅ ቀረበና ፖርቱጋል ገባ። ስናሮች እንኳ ቤዛ ተቀብለው መልሰውት ነበር።

በመቅደላ ዕቃዎች ላይ ብዙ ጊዜ ጽሑፍ ይገኛል። የካቲት 2016 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አንደርሰን ኤንድ ጋርላንድ የተባለ ሐራጅ ቤት ሊሸጠው የነበረው ጋሻ «መቅደላ፣ 13 ኤፕሪል 1868» ተብሎ ተቀርጾበታል። ልብ በሉ፤ የተጻፈው የታጋዩ ስም አይደለም። ጋሻውን ያነገበው ሰው ማን እንደነበረ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ በዚያ ሰኞ ይሙት ይዳን አይናገርም። ጋሻው ላይ የፈረመው የማረከው ነው። ሰብሳቢ ፊርማውን አይቶ ይከፍላል፤ ያው ፊርማ ግን ከየት እንደተወሰደም ያጋልጣል። የኢትዮጵያ መንግሥት ተቃወመ፣ ጋሻው ከሽያጩ ወጣ፣ በሮያል ኢትዮጵያን ትረስት በኩልም ኅዳር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ቀደም ብሎ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ዶርሴት ውስጥ ሊሸጡ የነበሩ የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎችም በተመሳሳይ መንገድ ከሐራጅ ወጥተው፣ ሸህራዛድ ፋውንዴሽን ገዝቷቸው ጳጉሜን 3 ቀን ለኤምባሲያችን ተሰጥተዋል። ሁሉም ነገር ግን እንዲህ አይመለስም። ፓቴክ ፊሊፕ የተባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የእጅ ሰዓት በባለቤትነት ክርክር እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቫ ላይ ከሐራጅ ቢወጣም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ቀርቦ በ2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ገደማ ተሸጧል።

በማግሥቱ ነጋዴውን ለማየት ዳንግላ ሄድሁ። ዳንግላ፣ ሜጀር ቺስማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ የተቀመጠባት፣ ከዚያም እየተነሣ ጣናንና ዓባይን የዞረባት ከተማ ናት። ሰውየው ወፍ አጥኚም ነበር። የእንዲህ ያለ ሰው ወግ ነውና፣ ከአንዲት የደረቀች ወፍ እግር ላይ እንኳ የተያዘችበት ቦታና ቀን የተጻፈባት ወረቀት አትታጣም። የወጣቱ ነጋዴ ዕቃ ቤት ውስጥ ያየሁት ግን በማዳበሪያ ጆንያ የተከመረ ኮርቻ፣ እርካብ፣ ልጓም፣ የቀንድ ዋንጫና የአንገት መስቀል ነው፤ አንዱም ከየት ቤት እንደወጣ አይታወቅም። «ከማን ገዛኸው?» ብዬ አንዱን ኮርቻ ባነሣ «ከአንድ ሰውዬ» አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሻይ ጋብዞኛል። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክለውን የ1992ቱን አዋጅ አነሣሁበት። እሱ አዲስ አበባ ላሉ የጌጣጌጥ ሱቆች ብቻ እንደሚያስረክብ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው እንደማያገባው ነገረኝ።

ወደ ሽማግሌው ተመልሼ ወረቀቱን ልጽፍ ተቀመጥሁ። «ዐድዋ መዝመቱን በምን ያውቃሉ?» ስላቸው አልተቆጡም። ከአባታቸው ሰምተዋል፤ አባታቸው ደግሞ ከአያታቸው፤ አያትየው አባቱ ሲመለስ ልጅ ሆኖ አይቷል። ያን እንዳሉት ጻፍሁ። ከዚያ ስለ ጎደለው ብር ጠየቅሁ። ጨዋታው የመጣው ያኔ ነው። አንዱን ቁራጭ በጣልያን ጊዜ አያትየዋ ለጨው ሸጠውታል። ሌላው ቀልጦ ለአንዲት ሴት ልጅ የክርስትና መስቀል ሆኗል፤ ያች ልጅ ዛሬ አሮጊት ናት፣ መስቀሉን አንገቷ ላይ አድርጋው ቡና ስትቀዳልን ነበር። ጠፍሩ የተበጠሰው ደግሞ በዘመቻ ሳይሆን ልጆች ሲጫወቱበት ነው። ሁሉንም ጻፍሁት። ሁለት ገጽ ሞላ። ሽማግሌውና ሁለት ጎረቤቶቻቸው ሰምተው፣ አንዱን ስም አሳርመው፣ ፈረሙ፤ አንደኛው በጣታቸው።

ነጋዴው በሦስተኛው ቀን መጣ። ወረቀቱን ቆሞ አነበበው። «ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?» አለ። «ጨዉን አውጣው፣ ልጆቹን አውጣቸው። ‹ሰምቻለሁ› የሚለውንም ተወው። ዐድዋ ዘምቷል በለው፣ አለቀ!»

ሽማግሌው ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ወረቀቱ አየሁ። «ከዚህ ሌላ አልጽፍም አባባ፤ ሌላ ሰው ሊጽፍልዎ ይችላል» አልሁ። ነጋዴው የመጀመሪያውን፣ ያለ ወረቀት ያለውን ዋጋ ደገመላቸው። ከፈረሱ ዋጋ ግማሹንም አይሞላም። «ከልጆቹ ጋር ልማከር» ብለው አሰናበቱት። ወረቀቱን አራት ላይ አጥፈው ከጋሻው ጀርባ፣ በሲባጎው ውስጥ ሸጎጡት። እኔም በዓሉን አይቼ ተመለስሁ፤ ልጁ ያን ቀን ከዳር ቆሞ ነበር የሚያየው።

ዘንድሮም ጥር 23 እንጅባራ ነበርሁ። ከሰልፉ መካከል ልጁን አየሁት፤ ግላስ ባጌጠ ዳማ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ሲመጣ ሽማግሌው ከአጠገቤ ቆመው በከዘራቸው አሳዩኝ። ፈረሱ ያማረ ነበር። «የማን ነው?» ልላቸው አፌን ከፍቼ ተውሁት፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ቡና ቤታቸው እንድጠጣ ጋብዘውኝ፣ መኪናው ያመልጠኛል ብዬ ሳልሄድ ቀረሁ።