ብዙም ያልታወቁ የቪዲዮ ጨዋታዎች ያለ ማስታወቂያ ለምን አይሸጡም?

የቪዲዮ ጨዋታ ማልማት በኢትዮጵያም የወጣቶችን ትኩረት እየሳበ የመጣ የሥራ መስክ ነው። ኮምፒዩተር፣ በነጻ የሚገኝ የማልሚያ ሶፍትዌርና ኢንተርኔት ያለው ሰው በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር ተቀምጦ ምርቱን ለዓለም ገበያ ማቅረብ ይችላል። ይሁን እንጂ ማቅረብና መሸጥ የተለያዩ ናቸው። ለዓመታት የተደከመበት ጨዋታ ገዥ ሲያጣ ጥፋቱ ሁልጊዜ የጥራት ጉድለት አይደለም። ይህ ጽሑፍ የችግሩን ምክንያቶች ያብራራል፤ አልሚዎች ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሊያጤኗቸው የሚገቡ ነጥቦችንም ያመለክታል።

የአቅርቦት ብዛት

ለኮምፒዩተር ጨዋታዎች ትልቁ የኢንተርኔት መደብር ስቲም ሲሆን፣ ባለቤቱ ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሥራ ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። መደብሩ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የአዳዲስ አልሚዎችን ጨዋታዎች በተጠቃሚዎች ድምፅ እየመረጠ ያስገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን ይህን አሠራር ትቶ፣ ለእያንዳንዱ ጨዋታ 100 ዶላር የከፈለ አልሚ ሁሉ ምርቱን እንዲያቀርብ ፈቀደ። በሩ በመከፈቱ አነስተኛ አልሚዎች ተጠቅመዋል፤ በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ከ18 ሺህ በላይ አዳዲስ ጨዋታዎች ወደ መደብሩ ገብተዋል። ይህም በአማካይ በቀን ወደ 50 ጨዋታዎች ማለት ነው።

የመደብሩ የፊት ገጽ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ጥቂቱን ብቻ ነው። የትኛው ጨዋታ ለማን እንደሚታይ የሚወስነው ሥርዓትም በአመዛኙ ገዥዎች አስቀድመው ያሳዩትን ፍላጎት ይከተላል። በመሆኑም የመጀመሪያዎቹን ገዥዎች ከመደብሩ ውጭ ያላገኘ ጨዋታ በመደብሩ ውስጥም የመታየት ዕድሉ ጠባብ ነው።

ከመግዛት በፊት የማይታወቅ ምርት

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ፊሊፕ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ምርቶችን በሁለት ከፍሏቸዋል፦ ጥራታቸው ከግዢ በፊት ተመርምሮ የሚታወቅና ጥራታቸው ከተጠቀሙባቸው በኋላ ብቻ የሚታወቅ። ነጠላ የሚገዛ ሰው ፈትሉንና ጥለቱን በእጁ ዳስሶ ይወስናል። የቪዲዮ ጨዋታ ግን ጣዕሙ የሚታወቀው ለሰዓታት ከተጫወቱት በኋላ ነው። ስለዚህ ገዥው በሚያውቀው ስም፣ በጓደኛ ምክርና በሌሎች ገዥዎች አስተያየት ላይ ይደገፋል። አዲስና ስም የሌለው ጨዋታ ደግሞ ሦስቱም የሉትም።

ስቲም ከተገዛ 14 ቀን ያላለፈውንና ከ2 ሰዓት በታች የተጫወቱትን ጨዋታ ገንዘብ ይመልሳል። ይህ አሠራር የገዥውን ሥጋት ይቀንሳል፤ ሆኖም የሚጠቅመው ጨዋታው መኖሩን አስቀድሞ ላወቀ ሰው ነው።

ብዙኃን የመረጡትን መከተል

እ.ኤ.አ. በ2006 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ለጉዳዩ ተጨማሪ ማብራሪያ ይሰጣል። ከ14 ሺህ በላይ ተሳታፊዎች የማይታወቁ ዘፈኖችን እንዲያዳምጡና የወደዱትን እንዲወስዱ ተደረገ። ከፊሎቹ ሌሎች ምን እንደወሰዱ አያዩም ነበር፤ የቀሩት ደግሞ በተለያዩ ቡድኖች ተከፍለው የየቡድናቸውን ምርጫ ያያሉ። የሌሎችን ምርጫ ባዩት ቡድኖች ውስጥ ታዋቂው ይበልጥ ታዋቂ፣ ያልታወቀውም ይበልጥ የተረሳ ሆነ። አሸናፊው ዘፈንም ከቡድን ቡድን ተለያየ። እጅግ ጥሩ የሆኑት ዘፈኖች እምብዛም አልወደቁም፤ እጅግ ደካማዎቹም እምብዛም አላሸነፉም፤ በመካከል ያሉት ግን ዕጣቸው በመጀመሪያዎቹ መራጮች እጅ ነበር። አብዛኞቹ የቪዲዮ ጨዋታዎችም የሚገኙት በዚሁ መካከለኛ ሥፍራ ነው።

ሁለት ምሳሌዎች

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሳይኮኖትስ በሐያሲያን ዘንድ ከፍተኛ ምስጋና ቢያገኝም በመጀመሪያው ወቅት ሽያጩ ዝቅተኛ ነበር። ብዙ ገዥዎችን ያገኘው ከዓመታት በኋላ በኢንተርኔት መደብሮች በቅናሽ ሲሸጥ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። አመንግ አስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 በአንድ አነስተኛ ቡድን ተሠርቶ ሲወጣ ብዙ ሰው አላወቀውም። እ.ኤ.አ. በ2020 አጋማሽ፣ በኮቪድ ወረርሽኝ ሰዎች ከቤት በዋሉበት ጊዜ፣ ጨዋታቸውን በቀጥታ የሚያሰራጩ ታዋቂ ተጫዋቾች ሲጫወቱት በዓለም ዙሪያ ታወቀ። በሁለት ዓመት ውስጥ የተለወጠው በዋናነት የተመልካቹ ቁጥር ነበር። እንዲህ ያለው አጋጣሚ ግን ለጥቂቶች የሚደርስ በመሆኑ የሥራ ዕቅድ ሊመሠረትበት አይገባም።

የማስታወቂያ ወጪ ስሌት

መፍትሔው ማስታወቂያ መግዛት ብቻ የሚመስላቸው አልሚዎች አስቀድመው ሊያሰሉ ይገባል። ለምሳሌ አንድ ጨዋታ በ5 ዶላር ቢሸጥና መደብሩ 30 በመቶ ቢወስድ፣ ለአልሚው ከግብር በፊት 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይቀራል። ማስታወቂያውን የሚጫን አንድ ሰው 20 ሳንቲም ቢያስወጣና ከ50 ሰዎች አንዱ ቢገዛ፣ አንድ ገዥ ለማግኘት 10 ዶላር ይወጣል። በዚህ ስሌት ሽያጩ በጨመረ ቁጥር ኪሳራውም ይጨምራል። ትላልቅ ኩባንያዎች ይህን ወጪ የሚችሉት ዋጋቸው ከፍ ያለ በመሆኑና ተከታታይ ምርቶችን ስለሚሸጡ ነው።

አልሚዎች ሊያጤኗቸው የሚገቡ ነጥቦች

1. የጨዋታውን ገጽ ምርቱ ከመውጣቱ ከወራት በፊት መክፈት። በስቲም ጨዋታውን በምኞት ዝርዝራቸው ያስገቡ ሰዎች ሽያጭ ሲጀመር በኢሜይል እንዲያውቁ ይደረጋል።

2. የሙከራ ቅጂ ማዘጋጀት። ስቲም ላልወጡ ጨዋታዎች የሙከራ ቅጂ ፌስቲቫል ያካሂዳል፤ አንድ ጨዋታ መሳተፍ የሚችለው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ቅጂው ሳይበስል መግባት ተገቢ አይደለም።

3. ገዥው የሚያውቀውን ነገር መነሻ ማድረግ። እንደ ገበጣ ያለ ባህላዊ ጨዋታ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ይታወቃል።

4. ስሙን ማስጠበቅ። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ ሥራ እስከሆነ ድረስ ያለ ምዝገባ የቅጂ መብት ጥበቃ ያገኛል። ለሁለቱም ጉዳዮች አግባብ ያለው ተቋም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

5. መደብሩ ለየትኞቹ አገሮች አልሚዎች ክፍያ እንደሚፈጽምና በምን መንገድ እንደሚልክ ሥራ ከመጀመር በፊት ማረጋገጥ።

በአጠቃላይ ለማልማት የሚመደበው ጊዜና ገንዘብ ለማስተዋወቅ የሚውለውንም ድርሻ ከመነሻው ማካተት አለበት። የማስተዋወቅ ሥራ ጨዋታው ካለቀ በኋላ የሚታሰብ ከሆነ ለዚያ የሚውል አቅም አብዛኛውን ጊዜ ተሟጦ ይገኛል።