ሥልጣን አማና ነው፤ ከሴኔጋል ምን እንማራለን?

በዓለማችን በበርካታ አገሮች ሕዝብ መርጦ የሾማቸው መሪዎች ዞረው የመረጣቸውን ሕዝብ ሲረግጡ ታይተዋል። አንዱ ዘመኑን ለማራዘም ሕገ መንግሥት ያስቀይራል፤ ሌላው የምርጫ ቀን ይገፋል፤ ሌላውም ተሸንፎ ሳለ «አልተሸነፍኩም» ይላል። ወታደሩም ሁከቱን ሰበብ አድርጎ ከጦር ሰፈሩ ይወጣል። ለመሆኑ አንድ ሕዝብ ከዚህ አደጋ ራሱን የሚጠብቀው በምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ የሴኔጋል ታሪክ ጥሩ መልስ ይሰጠናል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሴኔጋል ሕዝብ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሙስሊም ነው። ሆኖም አገሪቱ በ1960 ነፃ ስትወጣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቷ ክርስቲያኑ ባለቅኔ ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር ነበሩ። ዘመናቸው እንከን አላጣውም። ጠቅላይ ሚኒስትራቸውን ማማዱ ዲያን በ1962 አሥረዋል፤ አገሪቱም ለተወሰኑ ዓመታት በአንድ ፓርቲ ሥር ቆይታለች። ይሁን እንጂ በ1980 መጨረሻ ሥልጣናቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ።

ተተኪያቸው አብዱ ዲዩፍ 19 ዓመት ገዝተው በ2000 ለምርጫ ቀረቡ። በዚያ ቀን የግል ሬዲዮ ጋዜጠኞች ተንቀሳቃሽ ስልክ ይዘው በየምርጫ ጣቢያው ተገኝተው ነበር። ድምፁ ተቆጥሮ እንዳበቃ ውጤቱን ከዚያው ያስተላልፉ ጀመር። የመንደሩ ሰው በጆሮው የሰማውን ቁጥር ዋና ከተማ ላይ ተቀምጦ ማን ይለውጠዋል? ዲዩፍ መሸነፋቸውን ሲያውቁ ለተቀናቃኛቸው ለአብዱላይ ዋድ ስልክ ደውለው እንኳን ደስ ያለዎት አሉ።

የሚያሳዝነው ግን ዋድ ራሳቸው በተራቸው ወንበሩን ወደዱት። በ2011 አንድ ዕጩ 25 በመቶ ድምፅ ብቻ አግኝቶ በመጀመሪያው ዙር እንዲያሸንፍ የሚያደርግ ሕግ ለምክር ቤት አቀረቡ። ጁን 23 ቀን ወጣቶች ምክር ቤቱን ከበቡ፤ ሕጉም በዚያው ዕለት ተነሣ። ዋድ በ2012 ለሦስተኛ ጊዜ ተወዳድረው ተሸነፉ፤ እርሳቸውም ለአሸናፊው ለማኪ ሳል ደወሉ።

ከባዱ ፈተና የመጣው በ2024 ነው። የምርጫ ዘመቻው ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ፕሬዚዳንት ሳል የፌብሩዋሪ 25ቱን ምርጫ አራዘሙት። ምክር ቤቱም የተቃወሙ እንደራሴዎች በጸጥታ ኃይል ከአዳራሹ ከወጡ በኋላ ወደ ዲሴምበር እንዲሸጋገር ወሰነ። በተነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፋ። የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ዳኞች ግን ፌብሩዋሪ 15 ቀን ውሳኔውን ሻሩት። ፕሬዚዳንቱም ፍርዱን ተቀበሉ። ምርጫው ማርች 24 ቀን ተካሄደ፤ ከእሥር ከወጡ ገና አሥር ቀን የሆናቸው ባሲሩ ዲዮማይ ፋይ በ54 በመቶ አሸነፉ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህንን አገር ያዳነው አንድ ጀግና አይደለም። ጋዜጠኛው ቁጥሩን ጠበቀ፤ ወጣቱ አደባባይ ወጣ፤ ዳኛው የሾመውን ሳይፈራ ፈረደ፤ ወታደሩ ከሰፈሩ አልወጣም፤ ተሸናፊው ስልክ አነሣ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። ዋጋውም ቀላል አልነበረም፤ ከ2021 እስከ 2024 በተነሡት ግጭቶች በርካታ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ቀብረዋል።

ሥልጣን አማና ነው ስንል ብዙውን ጊዜ የምናስበው ተቀባዩን ነው። አማናውን የሰጠውስ? ጎረቤቱ ዘንድ መቶ ብር በአደራ ያስቀመጠ ሰው ገንዘቡ የት እንደ ደረሰ ይጠይቃል። ድምፁን የሰጠ ሰው ታዲያ ስለ ምን ዝም ይላል? ልጆቻችን ይህን ጥያቄ መጠየቅ የሚማሩት ከእኛ ነው፤ በቤታችን ውስጥ የተሳሳተ ወላጅ «አጠፋሁ» ሲል፣ በጨዋታ የተሸነፈ ልጅም ያሸነፈውን ወንድሙን ሲጨብጥ።