ሜሪ ሞፋት ወለሏን በእበት ስትለቀልቅ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ስለጻፍኩ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ስለ አውሮፓ አሳሾችና ሚሲዮናውያን እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳው ላይ «ዴቪድ ሊቪንግስተን» ብዬ ጽፌ፣ ካላሃሪን አቋረጠ፣ ዛምቤዚን ተከትሎ ሄደ እያልኩ ስዘረዝር ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን ሚስቱ የት ነበረች?» ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁና «ቤቷ ነበረቻ!» አልኳት። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ደወል ተደወለ፣ በዚያው ተለያየን።

እውነቱን ለመናገር መልሱን አላውቀውም ነበር። በኋላ ሳነብ ነው ጥያቄዋ ትልቅ እንደነበር የገባኝ። የሊቪንግስተንን ሚስት ፍለጋ የሄደ ሰው አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ይደርሳል። ቤቱ ያለው ደቡብ አፍሪካ፣ ኩሩማን በምትባል ቦታ ነው። የቤቱ ባለቤቶች የልጅቷ አባትና እናት፣ ሮበርት ሞፋትና ሜሪ ሞፋት ናቸው። እናትና ልጅ ስማቸው አንድ ስለሆነ እንዳታምታቱት። ሁለቱ ባልና ሚስት እዚያ ቦታ ወደ ሃምሳ ዓመት ኖረዋል፤ በወጣትነት ገብተው በሽምግልና ነው የወጡት። ዛሬ ስለ ስብከታቸው ሳይሆን ስለ ውሎ አዳራቸው ልንገራችሁ።

ሮበርት ስኮትላንዳዊ አትክልተኛ ነበር። እንግሊዝ አገር፣ የሜሪ አባት የችግኝ ጣቢያ ውስጥ ተቀጥሮ ሲሠራ ነው የተዋወቁት። እሱ በ1816 በለንደን ሚሲዮናውያን ማኅበር ተልኮ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ወላጆቿ መጀመሪያ እንቢ ብለው ነበር፤ በኋላ ግን ፈቀዱላት። እሷም ባሕሩን ተሻግራ መጣችና በታኅሣሥ 1819 ኬፕታውን ላይ ተጋቡ። ሁለቱም የ24 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። ከዚያ በበሬ በሚጎተት ሠረገላ ሳምንታት የሚፈጅ ጉዞ ወደ ሰሜን፣ ወደ ትስዋና ሕዝብ አገር።

አሁን ወደ ወለሉ እንምጣ። ሜሪ ከደረሱ በኋላ ለዘመዶቿ በጻፈችው ደብዳቤ፣ የአገሩ ሰው ወለሉን በከብት እበት ሲለቀልቅ መጀመሪያ ስታይ እንዴት እንደተጸየፈች ትናገራለች። «እኔስ ይህን አላደርገውም» ብላ ወስና ነበር። ግን ብዙም ሳትቆይ ራሷ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ታስለቀልቅ ጀመር፤ እንዲያውም ቅዳሜ እስኪደርስ ትዕግሥት አጣች። ምክንያቷም ቀላል ነው፦ አቧራውን ይይዛል፣ ቁንጫ ያጠፋል።

እዚህ ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። አያቴ ትዝ አለችኝ። በዓል ሲደርስ እበቱን በውኃ አቅጥና ወለሉን ስትለቀልቅ፣ እኛ ልጆች እንዳንረግጠው ውጭ ተኮልኩለን ስንጠብቅ። ያን ጊዜ ከከተማ የመጣ ዘመድ አፍንጫውን ሲይዝ እናፍር ነበር። ለካ ማንቸስተር አጠገብ ያደገች የእንግሊዝ ሴት አፍንጫዋን ይዛ ጀምራ፣ በኋላ ያለሱ መኖር አልቻለችም! የመማሪያ መጽሐፎቻችን «ሚሲዮናውያን ሥልጣኔ አመጡ» ይላሉ፤ ወይም «የቅኝ ግዛት መንገድ ጠራጊዎች ነበሩ» ይላሉ። ከመጡበት አገር ሰዎች ምን እንደተማሩ የሚነግረን ግን ብዙም የለም። ለሜሪ የቤት አያያዝ ያስተማሯት የትስዋና ሴቶች ናቸው።

ይህ ማለት ግን ኑሮው ፍቅር በፍቅር ነበር ማለት አይደለም። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋናው ጠብ በውኃ ነበር። አገሩ ደረቅ ነው። ሚሲዮናውያኑ ከኩሩማን ወንዝ ቦይ ቆፍረው አትክልታቸውን ያጠጡ ነበር። የአካባቢው ሴቶች ደግሞ ከላይ ቦዩን እየሰበሩ ውኃውን ወደ ማሳቸው ይመልሱታል። ሞፋት በጻፈው መጽሐፍ ሌሊት እየተነሱ አካፋ ይዘው ቦዩን ሊደፍኑ ይሄዱ እንደነበር ይተርካል። አንዳንዴ ደግሞ ከጸሎት ሲመለሱ፣ ለምሳ የጣዱት ሥጋ ከድስቱ ወጥቶ በምትኩ ድንጋይ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። ይታያችሁ! ሰባኪው ስለ ዘላለም ሕይወት አስተምሮ፣ ርቦት ቤቱ ሲገባ ድስቱ ውስጥ ድንጋይ።

ይሄን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ይስቃሉ። ከሳቁ በኋላ አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፦ «ይሄን ታሪክ የነገረን ማነው?» ሞፋት ነው። ቦዩን የሰበረችው ሴት አልጻፈችም። ብትጽፍ ኖሮ ምናልባት «መሬቱም ውኃውም የኛ ነበር፤ ሰዎች መጥተው ወደ ራሳቸው ጓሮ ጠለፉት» ትል ነበር። አንድ ቦይ፣ ሁለት ታሪክ። እኛ እጅ ያለው አንዱ ብቻ ነው።

ሌላው የዕለት ተዕለት ፈተና ቋንቋ ነበር። ሮበርት ለዓመታት በአስተርጓሚ ነበር የሚያስተምረው። እሱ «የነፍስ መዳን ትልቅ ጉዳይ ነው» ብሎ ሲናገር አስተርጓሚው «የነፍስ መዳን ትልቅ ጆንያ ነው» ብሎ ያስተላልፍ እንደነበር ራሱ ጽፏል። ሕዝቡ ስለምን ጆንያ እንደሚወራ ግራ ሲገባው አስቡት። በ1827 በቃኝ አለና ቤቱን ለሜሪ ትቶ፣ ሴትስዋና ብቻ ከሚናገሩ ሰዎች ጋር ለመኖር ወጣ። ለሳምንታት ከእነሱ ጋር እየበላ፣ እየተኛ፣ እየተሳቀበት ቋንቋውን ተማረ። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱስን መተርጎም ጀመረ። የሉቃስ ወንጌል በ1830 ኬፕታውን ታተመ፤ እዚያው የኅትመት ሥራ ተምሮ ማተሚያ መሣሪያ በሠረገላ ጭኖ ኩሩማን አስገባ። አዲስ ኪዳኑ በ1840 ለንደን ታተመ፤ ሙሉው በ1857 አለቀ። ያን ጊዜ ዕድሜው 61 ደርሶ ነበር።

በነገራችን ላይ በዚያው በ1840 ለንደን ላይ ሌላም መጽሐፍ ወጥቷል፦ ሙሉው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ። የተረጎመው ግን ሚሲዮናዊ አልነበረም። አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ ካይሮ ተቀምጦ ዓመታት ፈጅቶ የሠራው ነው። ሴትስዋናውን የተረጎመውን ሰው ሐውልቱም መጽሐፉም ያስታውሰዋል። የእኛን አቡ ሩሚን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? የቤት ሥራ ነው፣ ፈልጉ።

ሮበርት ሲተረጉም፣ ሲያትም፣ ብረት ሲቀጠቅጥ፣ ጣውላ ሲልግ፣ ሜሪ ምን ትሠራ ነበር? አሥር ልጅ ወለደች፤ ሁሉም አላደጉላትም። ሴቶችን ስፌት ታስተምራለች። በሠረገላ የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ ታስተናግዳለች፤ ኩሩማን ወደ ውስጥ የሚሄድ አውሮፓዊ ሁሉ የሚያርፍባት በር ነበረች። ባሏ ወደ ሰሜን፣ ወደ ንዴቤሌው ንጉሥ ወደ ምዚሊካዚ አምስት ጊዜ ተጉዟል። የመጨረሻውን ሲሄድ ሽማግሌ ነበር፤ 64ኛ ዓመቱ የሞላው እዚያው እያለ ነው። በእያንዳንዱ ጉዞ ሜሪ ለወራት ብቻዋን ቤቱን ትይዛለች። ስልክ የለ፣ ቴሌግራም የለ። ይሙት ይዳን የምታውቀው ሠረገላው ከሩቅ አቧራ ሲያስነሳ ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን የልጆቹ ነገር ይመስለኛል። ለትምህርት ሲባል ልጆቹ በልጅነታቸው ወደ ሩቅ ይላካሉ፤ አንዳንዶቹ እንግሊዝ ድረስ። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ባልና ሚስቱ ወደ አገራቸው የተመለሱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ከ1839 እስከ 1843። ልጅህን ትልካለህ፣ ከዚያ በደብዳቤ ታሳድገዋለህ። ደብዳቤው ሲደርስህ ልጁ ከጻፈው ሰው በወራት አድጓል። ይህን የሚያነቡ ዓረብ አገር ያላችሁ እናቶች፣ ልጃችሁ ጥርስ ማውጣቱን በስልክ የሰማችሁ፣ እኔ ሳላብራራው የሚገባችሁ ይመስለኛል።

አሁን የተማሪዬን ጥያቄ ልመልስ። ሊቪንግስተን በ1844 አንበሳ ክንዱን ሰብሮት ሊያገግም ኩሩማን መጣ። እዚያ የሞፋቶችን የመጀመሪያ ልጅ ሜሪን ጠየቃት፤ በጥር 1845 ተጋቡ። ቲቸር «ቤቷ ነበረች» ያለው ውሸት ነው። አብራው በረሃ ለበረሃ ትሄድ ነበር፤ ያውም ነፍሰ ጡር ሆና፣ ሕፃናት ይዛ። በ1850 እንዲህ ካለ ጉዞ ሲመለሱ የወለደቻት ልጅ ብዙም ሳትቆይ ሞተችባት። በ1851 እንደገና ነፍሰ ጡር ሆና ባሏ ሌላ ጉዞ ሲያሰናዳ፣ እናትየው ከኩሩማን ለአማቿ ደብዳቤ ጻፈች። ለስላሳ ደብዳቤ አልነበረም። ነፍሰ ጡር ሴት ከሦስት ሕፃናት ጋር በምድረ በዳ ማንከራተት ምን ይባላል፣ አንዱን ሕፃን ማጣታችሁ አይበቃም ወይ ብላ ወቀሰችው። እሱ ግን ሄደ። ልጅቷም አብራው ሄደች፤ አምስተኛ ልጇን የወለደችው መንገድ ላይ ነው።

በሚያዝያ 1862 ሜሪ ሊቪንግስተን በዛምቤዚ ዳር፣ ሹፓንጋ በሚባል ቦታ በወባ ሞተች። በዚያው ዓመት ወንድሟ ሮበርትም ሞተ። ሽማግሌዎቹ በአንድ ዓመት ሁለት ልጅ ቀበሩ ልል ነበር፤ የሴት ልጃቸውን መቃብር ግን አላዩትም። በ1866 ደግሞ የሌላ ልጃቸው ባል ተገደለና ልጅቷ ከነልጆቿ መበለት ሆነች። እነሱ ግን ኩሩማን ነበሩ። አትክልቱ ይጠጣል፣ ወለሉ ይለቀለቃል፣ እሑድ ይሰበካል።

በመጋቢት 1870 ጤናቸው እየደከመ ሄዶ ተሰናበቱ። ሮበርት 74 ዓመቱ፣ ሜሪም ልክ እኩያው ነበረች። ሠረገላው ሲወጣ ሕዝቡ እያለቀሰ ሸኛቸው። «ወደ አገራቸው ተመለሱ» ይላሉ መጽሐፎቹ። ግን የትኛው አገር? ሜሪ እንግሊዝ በገባች በወራት ውስጥ፣ በጥር 1871 አረፈች። ሮበርት ከዚያ በኋላ 12 ዓመት ብቻውን ኖረ። ሃምሳ ዓመት የሌላውን አገር ቤት ያደረገ ሰው፣ ሲመለስ እንግዳ የሚሆነው የራሱ አገር ላይ ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ታሪክ ይሆን ነበር፤ ግን የታሪክ መምህር ነኝና ቀሪውን መደበቅ አልችልም። ሽማግሌው ሞፋት አምስት ጊዜ ተጉዞ ከንጉሥ ምዚሊካዚ ጋር ወዳጅነት መሥርቶ ነበር። ልጁ ጆን ስሚዝ ሞፋት በኋላ ሚሲዮናዊነቱን ትቶ የእንግሊዝ መንግሥት ሹም ሆነ። በየካቲት 1888 የምዚሊካዚን ልጅ ሎቤንጉላን፣ ያለ እንግሊዝ ፈቃድ ከማንም ጋር እንዳይዋዋል የሚያስር ውል አስፈረመው። በዚያው ዓመት ጥቅምት የሲሲል ሮድስ ሰዎች የማዕድኑን መብት ወሰዱ። በ1893 ጦርነት ተነሳና የንዴቤሌ መንግሥት ወደቀ። አባት በወዳጅነት የገባበትን በር፣ ልጁ ውል ይዞ ገባበት፤ ከኋላው ጠመንጃው ተከተለ።

እና ሞፋቶች ጥሩ ሰዎች ነበሩ ወይስ የቅኝ ግዛት መሣሪያ? ፈተና ላይ «እውነት ወይም ሐሰት» ብዬ ባወጣው፣ እኔ ራሴ የቱን እንደምመልስ አላውቅም። ወለሉን በእበት የለቀለቀችው ሴት እውነት ናት። የ1888ቱ ውልም እውነት ነው። ሁለቱም የወጡት ከአንድ ቤት ነው። የሰው ኑሮ በአንድ መስመር መልስ ውስጥ አይገባም፤ እኔም አንድ መስመር እየሰጠሁ ተማሪ የማሳቅበት ጊዜ ነበር።

የሚቆጨኝ ሌላም አለ። ያቺን ሜሪን እበት አለቃለቅ ያስተማረቻት ሴት ስሟ ማን ነበር? አስተርጓሚው «ጆንያ» ሲል የሳቀው ማን ነበር? ሥጋውን አውጥታ ድንጋይ የጨመረችው ማን ነበረች? የሞፋቶችን ኑሮ የምናውቀው ደብዳቤ ስለጻፉ ነው። የእነዚያ ሴቶች ኑሮ ግን ካለቀሱላቸው ልጆቻቸው ጋር አብሮ ተቀብሯል።

የአያቴም እንደዚያው። ወለሉን ምን ያህል ጊዜ እንደለቀለቀች፣ ውኃ ከየት እንደቀዳች፣ ስንት ልጅ እንደቀበረች የሚናገር አንድ ወረቀት የለም። እሷን ሳልጠይቃት አረፈች። እናንተ አያት ያላችሁ ግን አሁኑኑ ጠይቁ። «ድሮ እንዴት ነበር?» አትበሏቸው፣ መልሱ «ደህና ነበር» ነው የሚሆነው። «ጠዋት ስትነሺ መጀመሪያ ምን ትሠሪ ነበር?» በሏቸው። ከዚያ ዝም ብላችሁ ጻፉ።

የኋላ ወንበሯ ተማሪዬ፣ ይሄ ጽሑፍ ድንገት ከደረሰሽ፣ ያን ቀን በመሳቄ ይቅርታ። ሚስቱ የት እንደነበረች ይኸው ነገርኩሽ።