ያልተቆጠረ ንድፊያ

ዐውደ ነገሥት ያገላበጠ ሰው ጊንጥን በግዕዝ ስሙ ያውቀዋል፤ ዐቅራብ ይባላል፣ ከ12ቱ ከዋክብት አንዱ ነው። አባቶቻችን ሰማይ ላይ ቆጥረውታል። መሬት ላይ የሚነድፈውን መቁጠር ግን ሌላ ሥራ ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ሺፖ እና ጎይፎን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ግምት፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው በጊንጥ ይነደፋል፣ ከ3 ሺህ በላይ ይሞታል። አብዛኛው ንድፊያ በሕመም ብቻ ያልፋል። በይበልጥ የሚገድለው ሕፃናትን ነው። ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰውና 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እኩል መርዝ ቢገባባቸው፣ ለልጁ በኪሎ 6 እጥፍ ይደርሰዋል።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። ቻርልስ ቶድ ካይሮ ላይ ፀረ-ጊንጥ ሴረም መሥራቱን የጻፈው በ1909 ነው፤ አድዋ ገና 13 ዓመቷ ነበር። ታዲያ መድኃኒቱ ከመቶ ዓመት በላይ ካለው፣ ልጆች ለምን ይሞታሉ?

መልሱን የሕንዱ ሐኪም ሒማትራኦ ባዋስካር ታሪክ ይነግረናል። በ1970ዎቹ ማሃራሽትራ ገጠር ሲመደብ፣ በቀይ ጊንጥ የተነደፉ ሰዎች ልባቸው ደክሞ፣ ሳንባቸው ውሃ ሞልቶ ይሞቱ ነበር። ባዋስካር አልጋቸው ሥር ተቀምጦ የደም ግፊታቸውን እየለካ መመዝገብ ጀመረ። መርዙ ነርቮችን ስለሚያነሣሣ ሰውነት በአድሬናሊን ይጥለቀለቃል፣ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ልብም አቅም ያጣል። እሱም ርካሽ የግፊት ክኒን፣ ፕራዞሲንን ሞከረ። ውጤቱን በ1986 ላንሴት መጽሔት አወጣው። በ2011 ደግሞ 70 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናቱ፣ ክኒኑና ፀረ-መርዙ አብረው ሲሰጡ ሰው ቶሎ እንደሚያገግም አሳየ። ያ ሁሉ የተጀመረው ግን በእስክሪብቶና በደብተር ነው።

አሁን ወደ አምደወርቅ እንምጣ፤ ወደ ዋግ ኽምራ፣ ደሃና ወረዳ። ቤቱ ድንጋይ፣ አጥሩ ድንጋይ፣ እርከኑም ድንጋይ ነው። ጊንጥ ደግሞ ቀኑን የሚያሳልፈው ድንጋይ ሥር ነው። እርከን የሚሠራ እጅና ማታ በባዶ እግሩ የሚወጣ ልጅ ያገኙታል። ከዚያ ወዲያ ወሳኙ ሰዓት ነው፦ ከሩቅ ቀበሌ ጤና ጣቢያ እስኪደረስ ስንት ሰዓት በእግር?

በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ፣ በ10ኛው እትም፣ የጊንጥ መርዝ ቲ63.2 የሚል ኮድ አለው። ሲስተም ለምንሠራ ሰዎች ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ ያልገባ ዳታ ሪፖርት ላይ አይወጣም። ጤና ጣቢያ ያልደረሰ ልጅ ኮድ አያገኝም፤ ኮድ ያላገኘ ሞት ሪፖርት ውስጥ የለም፤ ሪፖርት ውስጥ ለሌለ ነገር ደግሞ መድኃኒት የሚጠይቅ አይኖርም።

ስለዚህ ጫማን አራግፎ ማድረግ፣ ድንጋይ ሲያነሡ መጠንቀቅ፣ የተነደፈ ልጅን ሳይበጡና ሳያስሩ በፍጥነት ጤና ጣቢያ ማድረስ የቤተሰቡ ድርሻ ነው። የደረሰውን ልጅ በስሙና በሰዓቱ መጻፍ ደግሞ የሌሎቻችን።