የኃይል ትራንዚስተር በሂት ሲንክ ላይ አገጣጠም

የኃይል ትራንዚስተር በሂት ሲንክ ላይ መግጠም ማለት በአምፕሊፋየር ወይም በፓወር ሰፕላይ ውስጥ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ትራንዚስተር፣ ሙቀቱን ወደ አየር ከሚበትን ክንፍ ያለው ብረት ጋር ማያያዝ ነው። ብረቱ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ሲሆን ሂት ሲንክ ይባላል። በቤት ውስጥ አምፕሊፋየር ለሚሠሩና ያረጁትን ለሚጠግኑ ሰዎች ይህ ሥራ ከሁሉም ክፍሎች በላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በትክክል ያልተገጠመ ትራንዚስተር በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሊቃጠል፣ ስፒከሩንም ይዞ ሊጠፋ ይችላል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል

አምፕሊፋየር ከትራንስፎርመሩ የሚቀበለው ኃይል ሁሉ ወደ ስፒከር አይሄድም። የቀረው በትራንዚስተሩ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የሙቀቱ ምንጭ በመያዣው ውስጥ ያለችው ትንሽ የሲሊከን ቁራጭ ናት። ይህች ቁራጭ የምትቋቋመው ሙቀት ወሰን አለው፦ በፕላስቲክ ለተሸፈኑት ብዙውን ጊዜ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሙሉ በሙሉ ብረት ለለበሱት ደግሞ እስከ 200 ዲግሪ ነው።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በአሜሪካው አር.ሲ.ኤ. ኩባንያ የወጣው 2ኤን3055 ጥሩ ምሳሌ ነው። በመረጃ ወረቀቱ ላይ 115 ዋት የሚል ቁጥር ቢኖርም፣ ይህ የሚሠራው የመያዣው ሙቀት 25 ዲግሪ ላይ ሲቆይ ብቻ ነው። መያዣው 100 ዲግሪ ሲደርስ የሚችለው ኃይል ወደ 66 ዋት ይወርዳል። ስለዚህ የትራንዚስተር አቅም በራሱ ብቻ ሳይሆን በተገጠመበት ብረትም ይወሰናል።

የሙቀት መንገድ

ሙቀት ከሲሊከኑ ወደ መያዣው፣ ከመያዣው ወደ ሂት ሲንኩ፣ ከሂት ሲንኩ ወደ አየሩ ይጓዛል። በእያንዳንዱ መሸጋገሪያ ላይ የሚገጥመው እንቅፋት በዲግሪ በዋት ይለካል፤ ሦስቱም ይደመራሉ። ለምሳሌ አንድ 2ኤን3055 30 ዋት ሙቀት ቢያወጣና እንቅፋቶቹ 1.5፣ 0.5 እና 2 ቢሆኑ ድምሩ 4 ይሆናል። 30 በ4 ሲባዛ 120 ዲግሪ ነው። የአካባቢው አየር 30 ዲግሪ ከሆነ ሲሊከኑ 150 ዲግሪ ይደርሳል ማለት ነው።

ይኸው አምፕሊፋየር በዝግ ሣጥን ውስጥ ሆኖ የውስጡ አየር 50 ዲግሪ ቢሆን፣ ሲሊከኑ ወደ 170 ያድጋል። በዚያ ላይ ቅባት ባለመቀባቱ ምክንያት መካከለኛው እንቅፋት ከ0.5 ወደ 1.2 ከፍ ቢል ሌላ 21 ዲግሪ ይጨመርና 191 ይደርሳል። በፕላስቲክ የተሸፈነ ትራንዚስተር ቢሆን ኖሮ ወሰኑን ቀድሞ አልፏል።

አገጣጠም

ብረቱ በዓይን ለስላሳ ቢመስልም በላዩ ጥቃቅን ጎድጓዳ ቦታዎች አሉት። እነዚህን የሚሞላው አየር ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍም። በመሆኑም በመካከል ነጭ የሙቀት ቅባት ይቀባል። ቅባቱ ስስ መሆን አለበት፤ ከበዛ ራሱ እንቅፋት ይሆናል።

ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ በጠርዙ የሚቀረው ሹል ብረት በሞረድ ይወገዳል። ይህ ካልተደረገ ትራንዚስተሩ በሙሉ አይቀመጥም፤ መነጠያውንም ይበሳዋል። ብሎኑ ከሮንዴላ ጋር ጠበቅ ተደርጎ ይታሠራል፤ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ግን አንድ ብሎን ብቻ ያላቸው ትናንሽ ትራንዚስተሮች የብረት ምላሳቸው ስለሚጎብጥ ከሂት ሲንኩ ይለያያሉ። እግሮቹ ስታኞ የሚደረግባቸው ትራንዚስተሩ ከታሠረ በኋላ ነው፤ አለዚያ የብሎኑ ጉተታ እግሮቹን ሊሰብራቸው ይችላል። የሂት ሲንኩ ክንፎች ወደ ላይ ቆመው መቀመጥ አለባቸው፤ የሞቀው አየር በመካከላቸው ወደ ላይ እንዲወጣ።

መነጠል

የ2ኤን3055 የብረት ሽፋን ከኮሌክተሩ ጋር አንድ ነው። ሌሎች ብዙዎችም ጀርባቸው ላይ ያለው ብረት ከኮሌክተር ወይም ከድሬይን ጋር ይገናኛል። በቀጥታ ከታሠሩ ሂት ሲንኩ የኤሌክትሪክ ተሸካሚ ይሆናል፤ ሁለት የተለያየ ቮልቴጅ ያላቸው ትራንዚስተሮች በአንድ ብረት ላይ ሲሆኑ ደግሞ አጭር ዙር ይፈጠራል። ስለዚህ ስስ ሚካ ወይም የሲሊኮን ጎማ ከሥር ይደረጋል፤ ብሎኑም በፕላስቲክ ቀለበት ይነጠላል። ሚካ በሁለቱም ፊት ይቀባል፤ የሲሊኮን ጎማ ግን ቅባት አይፈልግም። ጥቁር የተቀባው የአሉሚኒየም ሽፋን መነጠያ ነው ብሎ መተማመን አይገባም።

ሥራው ሲያልቅ ኮሌክተሩና ሂት ሲንኩ በቴስተር ይለካሉ፤ መገናኘት የለባቸውም።

የሙቀትና የኩረንት ሽክርክሪት

ትራንዚስተር ሲሞቅ ለአንድ ዓይነት ኩረንት የሚያስፈልገው የቤዝ ቮልቴጅ ለያንዳንዱ ዲግሪ በ2 ሚሊቮልት ገደማ ይቀንሳል። ቮልቴጁ ካልተስተካከለ ኩረንቱ ይጨምራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፣ ኩረንቱም እንደገና ያድጋል፤ ትራንዚስተሩ እስኪቃጠል ድረስ። ይህን ለማስቀረት ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ትንሽ ትራንዚስተር ወይም ዳዮድ በዚያው ሂት ሲንክ ላይ ይታሠራል። በኤሚተሩም ላይ ከ1 ኦም በታች የሆኑ ረዚስተሮች ይጨመራሉ። በጥገና ጊዜ ይህን ትንሽ ክፍል ከሂት ሲንኩ ፈትቶ መርሳት፣ አዲስ የተገዛውንም ትራንዚስተር ያቃጥላል።

በአዲስ አበባ ሁኔታ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በእኩል ሙቀት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። ሙቀቱን ከክንፎቹ ይዞ የሚወጣው አየር ስለሳሳ የማቀዝቀዝ ድርሻው ከ10 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ሆኖም የከተማዋ ቀዝቃዛ አየር የዚህን ጉድለት ከፊል ያካክሳል። በባሕር ወለል ደረጃ የተለካ ሂት ሲንክ ሲመረጥ ትንሽ ከፍ ያለውን መውሰድ ይሻላል።

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በሚገኘው መርካቶ ንግዱ እንደ ዕቃው በተራ የተከፋፈለ ነው። በምናለሽ ተራ ያገለገሉ ዕቃዎችና ብረታ ብረት ይሸጣሉ፤ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ያረጀ ክንፍ ያለው አሉሚኒየም ለሚፈልግ ሠሪ ይጠቅማሉ። የሀገር ልብስና ጨርቅ በሚሸጥበት እንደ ሸማ ተራ ባለ ቦታ አምፕሊፋየር ከተቀመጠ ሌላ ችግር አለ፤ የጥጥ ብናኝ በክንፎቹ መካከል እየተጠራቀመ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። ይህ ሲሆን ሂት ሲንኩ በብሩሽ መጠረግ አለበት። ጨርቅ በላዩ መደረብም አይገባም።

ጥንቃቄ

የኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለሆነ ከመንካት በፊት ሶኬቱ ይነቀላል፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮችም በረዚስተር ይፈሳሉ። በአንዳንድ መሣሪያዎች ሂት ሲንኩ ራሱ ቮልቴጅ ስለሚሸከም ሳይለካ አይነካም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ከመሣሪያው ጋር በተከታታይ ባለ ክር አምፖል ይገጠማል፤ አጭር ዙር ካለ አምፖሉ ደምቆ ይበራል፣ ትራንዚስተሩም ይተርፋል። ከአሮጌ መሣሪያ የተገኙ ነጭ የሴራሚክ መነጠያዎች ከቤሪሊየም ኦክሳይድ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ብናኙ ለሳንባ እጅግ ጎጂ ስለሆነ መሰበር፣ መሞረድም ሆነ መበሳት የለባቸውም።