ሃይማኖትን ስለ ማስቀደም፤ ከቆራጣይቱ እናት ታሪክ

ሃይማኖትን ማስቀደም ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሰማዕትነትን ቀን ነው። ነገር ግን የሰማዕትነት ቀን በሰው ዕድሜ አንድ ጊዜ ይመጣል፥ ወይም ጨርሶ አይመጣም፤ የእርሻው፥ የወፍጮው፥ የገበያው ሐሳብና የጎረቤት ሀብት የሚያስቀናበት ቀን ግን በየማለዳው ይመጣል። ከሁለቱ ፈተና የትኛው እንዲከብድ ለመመርመር የሚወድ ሰው ሩቅ አገር መሄድ አያሻውም። ከሐሙስ ገበያ ስሙን ካገኘው ከሐሙሲት ተነሥቶ ወደ ጣና ዳር ቢወርድ፥ ቆራጣ ላይ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ገዳም ያገኛል።

ወለተ ጴጥሮስ በ1585 ዓ.ም. ገደማ ከታላላቅ ወገን ተወለደች። አባትዋ ባሕር ሰገድ፥ እናትዋ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟልና አማካሪ ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተድራ ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ሀብትና ክብር በቤትዋ ሞልቶ ሳለ ልቡናዋ ወደ ምንኵስና ስላዘነበለ ቤትዋን ትታ ወጣች። ባልዋ ጭፍራ ይዞ ቢከተላት፥ በእርስዋ ምክንያት የአገሩ ሰው እንዳይጠፋ ብላ ተመለሰች። ኋላ ግን በ1609 ዓ.ም. በተገደሉት በአቡነ ስምዖን ደም የባልዋ እጅ እንዳለበት ባወቀች ጊዜ ለሁልጊዜ ተለየችው።

በ1617 ዓ.ም. ከሮማ የተላከው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ወደ አገራችን ገባ፤ በ1618 ዓ.ም. ንጉሡ ለሮማ ጳጳስ መታዘዙን በአደባባይ አስታወቀ። ወለተ ጴጥሮስ ግን የአባቶችዋን ሃይማኖት ይዛ ስላስተማረች ወደ ቤተ መንግሥት ተጠርታ ተመረመረች፤ ኋላም ወደ ዠበይ በረሓ ተግዛ ሦስት ዓመት በግዞት ኖረች። በሰኔ 1624 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የቀደመችው ሃይማኖት እንድትመለስ አዋጅ አስነግሮ መንግሥቱን ለልጁ ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቀ።

ታሪኩ እስከዚህ ድረስ በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀ ነው። ለእኛ የበለጠ የሚጠቅመን ግን ስደቱ ካለፈ በኋላ የሆነው ነው።

በስደትም በሰላምም ዘመን የተከተላት ሕዝብ እየበዛ ሄዶ ሰባት ማኅበር አቆመች፤ ከእነዚህም ዘጌ፥ ምጽሌና አፈር ፈረስ ይገኙባቸዋል። ሰው ሲበዛ ድካሙም በዛ፤ እህል ይፈጫል፥ ውኃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቀማል፥ ድውይ ይጠበቃል። የመኳንንት ልጅ የሆነችው እርስዋ ከመነኰሰች ጀምሮ ከጓደኛዋ ከእኅተ ክርስቶስ ጋራ እንደ ማንኛይቱም አገልጋይ ፈጭታለች፥ ውኃም ተሸክማለች። ሥራው ከጸሎት አላስታጐላትም። ማርታንም ያስወቀሳት ማገልገልዋ አይደለም፤ ከሥራዋ ላይ ዓይንዋን አንሥታ ወደ እኅትዋ እየተመለከተች ማጕረምረምዋ ነው እንጂ። ልብን የሚበትነው የሥራ ብዛት ብቻ ሳይሆን የራስን ዕድል ከሌላው ዕድል ጋራ መመዘን ነው።

ቅንዓት ደግሞ እርስዋን ራስዋን አልማራትም። ይህም የመጣባት ከጠላት ወገን ሳይሆን ከገዛ ሃይማኖትዋ ሊቃውንት ነበር። ሴት ሆና ሳለ መሪና መምህር ልትሆን በየትኛው መጽሐፍ ተጽፏል ብለው ተነሡባት። አባ ፈትለ ሥላሴ ግን ነገሩን ወደ ጠያቂዎቹ መለሱት፤ እኛ ስለ ተበላሸን እግዚአብሔር ለተግሣጻችን አስነሥቷት መሪነታችንን ለእርስዋ ሰጥቶ ይሆናል ብለው ዝም አሰኟቸው። በዚህ መልስ ውስጥ ታላቅ መድኃኒት አለ። ቅናተኛ ሰው ሌላው ለምን ተሰጠው ብሎ ይጠይቃል፤ አማኝ ግን እኔ የተሰጠኝን ምን አደረግሁበት ብሎ ራሱን ይመረምራል።

ዛሬ በወረታና በፎገራ ሜዳ፥ ከቀድሞው ከብት በላይ ሩዝም ከተጨመረ ወዲህ፥ ለዓይን የሚታየው ሀብት ብዙ ነው። የአንዱ መኸር ሲሰምር፥ የሌላው ቤት ቆርቆሮ ሲለብስ፥ ጎረቤት በልቡ ይሟገታል። እኛም ካህናት ከዚህ ነፃ ነን አንበል፤ የወንድማችን ድምፅ በማሕሌት ሲሰማ፥ ቅኔው ሲደነቅ፥ አለቅነት ሲሰጠው፥ በእግዚአብሔር ፊት ቆመን ሳለ ሐሳባችን ወደ እርሱ ይሄዳል። ከልዩ ሃይማኖት የሚጠብቀን ትምህርት አለን፤ ከቅንዓት የሚጠብቀን ግን ራስን መመርመር ብቻ ነው።

ወለተ ጴጥሮስ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐርፋ በሬማ ገዳም ተቀበረች። ባረፈች በሠላሳ ዓመት ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ ገድልዋን ጻፈ፤ ገድሉም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2015 በእንግሊዝኛ ታትሞ ሩቅ አገር ደርሷል። እንግዲህ የሩቅ ሰው የሚያነበውን ታሪክ የቅርብ ሰው ቸል አይበል። በዓልዋን ለማክበር ወደ ቆራጣ የሚወርድ ሁሉ፥ በጎረቤቱ ላይ የያዘውን ቅንዓት አስቀድሞ ከልቡ ያውጣ፤ ሃይማኖትን ማስቀደም ከዚህ ይጀምራልና።