የሰው አፅም እና የተለመዱ የአጥንት ሕመሞች፦ ምንነት፣ ምልክቶች እና ተገቢው ሕክምና

የአጥንት ጉዳትና ሕመም በጊዜው ሲታከም በአብዛኛው ያለ ጉድለት ይድናል። ሲዘገይ ወይም አላግባብ ሲያዝ ግን እጅን ወይም እግርን እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል። ለመዘግየቱ ከሚጠቀሱ ምክንያቶች አንዱ አጥንት ሕይወት እንደሌለው ግትር ነገር መቆጠሩ ነው። በእርግጥ ግን አጥንት ደም የሚዘዋወርበት፣ ሕመም የሚሰማው፣ ዘወትር የሚታደስ ሕያው የሰውነት ክፍል ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ አፅም አወቃቀር፣ በአገራችን በብዛት ስለሚታዩ የአጥንት ሕመሞች እንዲሁም ስለ ሕክምና አገልግሎት ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው።

የአፅም አወቃቀር

የአንድ አዋቂ ሰው አፅም 206 አጥንቶች አሉት። ሕፃን ሲወለድ ከ270 በላይ አጥንቶችና ልም አጥንቶች ሲኖሩት፣ ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በዕድገት ወቅት እርስ በርስ በመጋጠማቸው ቁጥሩ ይቀንሳል። አፅም በሁለት ዋና ዋና ክፍሎች ይመደባል።

• መካከለኛው አፅም፦ የራስ ቅልን፣ የጀርባ አጥንትን፣ የደረት አጥንትንና 12 ጥንድ የጎድን አጥንቶችን ጨምሮ 80 አጥንቶች የሚገኙበት ክፍል ነው።
• የእጅና የእግር አፅም፦ ትከሻንና ዳሌን ጨምሮ 126 አጥንቶች ይዟል። እያንዳንዱ መዳፍ ከነአንጓው 27፣ እያንዳንዱ የእግር መርገጫ ከነቁርጭምጭሚቱ 26 አጥንቶች ስላሉት፣ ከጠቅላላው አጥንት ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእነዚህ ክፍሎች ይገኛል።

ረጅሙና ጠንካራው አጥንት የጭን አጥንት ሲሆን፣ ትንሹ ደግሞ በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ የሚገኝና 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ነው።

የአጥንት ተግባር

አጥንት ሰውነትን ደግፎ ያቆማል፤ ከጡንቻና ከጅማት ጋር በመተባበርም እንቅስቃሴን ያስችላል። የራስ ቅል አንጎልን፣ የጎድን አጥንት ልብንና ሳንባን፣ የጀርባ አጥንት ደግሞ ሕብለ ሰረሰርን ከጉዳት ይጠብቃል። በአጥንት ውስጥ የሚገኘው ቀይ መቅኔ የደም ሕዋሳትን ያመርታል። በሰውነት ውስጥ ካለው ካልሲየም 99 በመቶ የሚሆነውም የሚከማቸው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው።

አሮጌውን አጥንት የሚያፈርሱና አዲሱን የሚገነቡ ሕዋሳት ዕድሜ ልክ ሥራቸውን አያቋርጡም። በልጅነትና በወጣትነት ግንባታው ስለሚያይል የአጥንት ጥንካሬ 30 ዓመት አካባቢ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ መፍረሱ ቀስ በቀስ ይበልጣል። በመሆኑም በወጣትነት የተገነባ ጠንካራ አጥንት ለእርጅና ዘመን ስንቅ ነው።

ስብራት፣ ውልቃትና ወለምታ

ስብራት የአጥንት መሰንጠቅ ወይም መሰበር ነው። ውልቃት አጥንት ከመጋጠሚያው ሲወጣ፣ ወለምታ ደግሞ መጋጠሚያውን የሚይዙት ጅማቶች ሲጎዱ የሚከሰት ነው። ሦስቱም ሕመምና እብጠት ስላላቸው በዓይን ብቻ ለመለየት ያስቸግራሉ። በእርግጠኝነት ለመለየት በሐኪም መመርመርና አስፈላጊ ሲሆን የራጅ ምርመራ ማድረግ ይገባል።

ቆዳው ሳይቀደድ አጥንቱ ብቻ ሲሰበር ዝግ ስብራት፣ ቁስል ሲኖረው ክፍት ስብራት ይባላል። ክፍት ስብራት ጀርም ወደ አጥንት የሚገባበት በር ስለሆነ ቁስሉ ሳይውል ሳያድር በጤና ተቋም መታጠብ፣ ታካሚውም ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትና የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ማግኘት ይኖርበታል።

አደጋ በደረሰበት ቦታ የሚሰጥ የመጀመሪያ ርዳታ

1. ተጎጂው አንገቱን ወይም ጀርባውን ተጎድቶ ሊሆን እንደሚችል ከተጠረጠረ ሌላ አደጋ ካላሰጋ በስተቀር ከቦታው አይነቃነቅ። ማንሳት ግድ ከሆነ ራሱ፣ አንገቱና ጀርባው በአንድ መስመር እንደተጠበቁ በብዙ ሰው ይነሳ።
2. ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። ወደ ውጭ የወጣ አጥንት ተገፍቶ አይመለስ፤ ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት፣ አፈር ወይም ቅጠል አይደረግ።
3. ቀለበት፣ አምባርና አልቦ እብጠቱ ሳይጨምር ይውለቅ።
4. የተጎዳው ክፍል ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን መጋጠሚያዎች በሚያካትት እንጨት ወይም በተጣጠፈ ካርቶን ይደገፍ። ማሰሪያው የላላ፣ የእጅ ወይም የእግር ጣቶችም የሚታዩ መሆን አለባቸው።
5. ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል ከባድ ጉዳት ለደረሰበት ሰው ምግብና መጠጥ አይሰጥ።
6. አምቡላንስ ለመጥራት በ907 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን ማግኘት ይቻላል።

አጥብቆ ማሰር የሚያስከትለው አደጋ

በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ስብራት ሲያጋጥም ቅድሚያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ወጌሻ በአቅራቢያ የሚገኝ፣ ኅብረተሰቡም የሚያምነው ባለሙያ በመሆኑ ይህ አያስገርምም። ሆኖም የተሰበረ አካል ከተጎዳ በኋላ ባሉት 2 እና 3 ቀናት ውስጥ ማበጡ አይቀርም። ዙሪያውን በቀርከሃ ስንጥር ወይም በጨርቅ ተጠፍሮ የታሰረ እጅ ወይም እግር ሲያብጥ ማሰሪያው ስለማይሰጥ ግፊቱ ወደ ውስጥ ይሆናል፤ የደም ዝውውሩም ይታፈናል። ደም የተቋረጠበት ጡንቻ በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ የማይመለስ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። ከዚያም ጋንግሪን ይከተላል፤ የታካሚውን ሕይወት ለማትረፍም የሞተውን ክፍል ከመቁረጥ ሌላ አማራጭ ላይኖር ይችላል። በዚህ መንገድ እጃቸውን ወይም እግራቸውን ከሚያጡት መካከል ሕፃናት ይገኙበታል። ሕፃኑ ሲያለቅስ ቤተሰቡ ለቅሶውን ከስብራቱ ሕመም ስለሚቆጥረው ማሰሪያው ሳይፈታ ያድራል።

ስለሆነም ማሰሪያው በማንም ቢታሰር፣ በጤና ተቋም የተደረገ ጄሶም ቢሆን፣ ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ ከታየ ሳይነጋ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

• ከታሰረ በኋላ እየባሰ የሚሄድና በማስታገሻ የማይታገሥ ሕመም፤
• የጣቶች መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ፣ መገርጣት ወይም መጥቆር፤
• ጣቶችን ማንቀሳቀስ አለመቻል፣ ወይም ሌላ ሰው ቀስ አድርጎ ሲዘረጋቸው ከባድ ሕመም መኖር፤
• ውኃ የቋጠረ ቆዳ ወይም መጥፎ ሽታ።

በጨርቅና በስንጥር የታሰረ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም እስኪደረስ ማሰሪያው መላላት አለበት። ጄሶ ግን በቤት ውስጥ ለመቁረጥ መሞከር አይገባም። በመንገድ ላይ እጅን ወይም እግርን በልብ ትይዩ ማድረግ በቂ ነው። የተሰበረን ወይም የወለቀን አካል ማሸትም የደም ሥርና ነርቭ ሊጎዳ ስለሚችል መወገድ አለበት።

ሌሎች የተለመዱ የአጥንት ሕመሞች

ሪኬትስ፦ በቫይታሚን ዲ ወይም በካልሲየም እጥረት ምክንያት የሕፃናት አጥንት ሳይጠነክር የሚቀርበት ሕመም ነው። የእግር መቆልመም፣ የእጅ አንጓ መወፈር፣ ዘግይቶ መሄድና ጥርስ ማብቀል ምልክቶቹ ናቸው። አገራችን ፀሐይ ባይጎድላትም ሕፃናት ተሸፋፍነው ከቤት ስለሚውሉ ሕመሙ ይከሰታል። ቫይታሚን ዲ የሚሠራው የፀሐይ ብርሃን ቆዳን በቀጥታ ሲነካ ነው፤ በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ብርሃን ይህን ጥቅም አይሰጥም።

ቆልማማ እግር፦ ሕፃኑ ሲወለድ መርገጫው ወደ ውስጥ ዞሮ የሚታይበት ሁኔታ ነው። የእርግማን ወይም የእናት ጥፋት ውጤት አይደለም። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተጀመረ በየሳምንቱ በሚቀያየር ጄሶ ቀስ በቀስ ይስተካከላል፤ ብዙዎቹ ሕፃናት የተረከዝ ጅማትን በጥቂቱ የመቁረጥ አነስተኛ ሕክምናም ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ በኋላ እስከ 4 ዓመት ዕድሜ ገደማ በመኝታ ሰዓት የሚደረገው ልዩ ጫማ ከተቋረጠ እግሩ ተመልሶ ሊቆለመም ስለሚችል የወላጆች ጽናት ወሳኝ ነው።

የአጥንት ኢንፌክሽን፦ ጀርም በደም ወይም በቁስል በኩል አጥንት ውስጥ ገብቶ መግል ሲፈጥር የሚከሰት ነው። ትኩሳት ያለው ሕፃን ያለ ግልጽ አደጋ ማነከስ ከጀመረ ወይም እጁን ማንቀሳቀስ ከተወ በዚያው ዕለት መመርመር ይኖርበታል። ሕክምናው ሳምንታት ይወስዳል፤ ሕመሙ ስለቀለለ ብቻ መድኃኒት ማቋረጥ በሽታው ሥር እንዲሰድ ያደርጋል።

የአጥንት ቲቢ፦ የቲቢ በሽታ ከሳንባ ውጭ ከሚያጠቃቸው ክፍሎች አንዱ የጀርባ አጥንት ነው። ለሳምንታት የዘለቀ የጀርባ ሕመም፣ የማታ ላብ፣ የክብደት መቀነስና የጀርባ መጉበጥ ምልክቶቹ ናቸው። ካልታከመ ሕብለ ሰረሰርን ተጭኖ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ የአጥንት ቲቢ ሕክምና ከሳንባ ቲቢ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

የፍሎራይድ ጉዳት፦ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚገኙ አንዳንድ የከርሰ ምድር ውኃዎች ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ በእጅጉ የበለጠ ውኃ ለዓመታት ሲጠጣ ጥርስ ይበልዛል፤ ጀርባና መጋጠሚያዎችም ይገትራሉ። ውኃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያስወግድም። መፍትሔው ከተመረመረ የውኃ ምንጭ ወይም ፍሎራይድ ከተጣራለት ውኃ መጠቀም ነው።

የአጥንት መሳሳት፦ በተለይ የወር አበባ ካቋረጡ ሴቶች ጀምሮ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን የሚያጠቃ ሲሆን፣ ስብራት እስኪደርስ ድረስ ምልክት ላያሳይ ይችላል። በቀላል መውደቅ የዳሌ፣ የእጅ አንጓ ወይም የጀርባ አጥንት መሰበርና የቁመት ማጠር የሚታይበት ሰው ምርመራ ያስፈልገዋል።

አጥንትን በቤት ውስጥ መንከባከብ

ወተት፣ እርጎና አይብ፣ በጾም ወቅት ደግሞ ጤፍ፣ ሰሊጥና ጎመን ካልሲየም ይሰጣሉ። ሕፃናትን ፊታቸውን፣ እጃቸውንና እግራቸውን ገልጦ በየቀኑ ለ20 እና ለ30 ደቂቃ የጠዋት ፀሐይ ማሞቅ ይመከራል። በእግር መሄድና የሥራ እንቅስቃሴ አጥንትን ያጠነክራሉ፤ ሲጋራና ከመጠን ያለፈ አልኮል ያዳክማሉ። አረጋውያን ባሉበት ቤት የሚያንሸራትት ወለል ማስተካከልና በሌሊት መብራት እንዳይጠፋ ማድረግ ከብዙ ስብራት ይታደጋል።

አገልግሎት ለማግኘት

ድንገተኛ ያልሆነ የአጥንት ሕመም ያለበት ሰው በቅድሚያ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መሄድ ይችላል። የራጅ ምርመራና የአጥንት ሐኪም ሲያስፈልግ ጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ጽፎ ወደ ሆስፒታል ይልካል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የታደሰ መታወቂያቸውንና የሪፈር ወረቀታቸውን ይዘው መቅረብ ይኖርባቸዋል። ቀደም ሲል የተነሳ ራጅና የሚወሰዱ መድኃኒቶች ካሉ አብሮ ማምጣት ሕክምናውን ያፋጥናል።

ክፍት ስብራት፣ የአንገትና የጀርባ ጉዳት፣ እንዲሁም ከላይ የተዘረዘሩት የደም ዝውውር መታፈን ምልክቶች ግን ወረፋና ቀጠሮ አይጠበቅባቸውም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል። በአዲስ አበባ አቤት ሆስፒታል ለአደጋና ለድንገተኛ ሕክምና የተቋቋመ ነው።

ከሕክምና በኋላ የሚሰጠውን ቀጠሮ ማክበርም የሕክምናው አካል ነው። የሕፃናት ስብራት በጥቂት ሳምንታት ሊጠገን ሲችል፣ የአዋቂ ሰው የጭን ወይም የቅልጥም ስብራት 3 ወርና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሕመሙ ስለጠፋ አጥንቱ ጠግጓል ማለት ስላልሆነ፣ ሐኪም ሳይፈቅድ ጄሶ ማውለቅም ሆነ በተሰበረው እግር መርገጥ አይገባም።